የአይጥ ሽንት ውስጥ ያለው ፕሮቲን በሽታ አይደለም

ሐኪም «ሽንትህ ውስጥ ፕሮቲን አለ» ካለህ ነገሩ ያሳስባል፤ ኩላሊት ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ጤነኛ የቤት አይጥ ግን በሽንቷ ብዙ ፕሮቲን ታወጣለች። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። ይህ ፕሮቲን ከኩላሊት ያመለጠ ሳይሆን፣ በዋናነት ጉበቷ ለዚሁ ሥራ የሚያመርተው ነው።

ፕሮቲኑ መሃሉ ላይ እንደ ኪስ ያለ ጉድጓድ አለው። ቶሎ የሚተኑ የሽታ ሞለኪውሎች እዚያ ይሸጎጡና ቀስ በቀስ ይወጣሉ። ስለዚህ ወንዱ ክልሉን ያመለከተበት ጠብታ ቶሎ ሽታው አይጠፋም።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ፕሮቲኑ ራሱ መልእክት መሆኑ ነው። ዓይነቱ ብዙ ነው። የዱር አይጦች የየራሳቸው ቅልቅል አላቸው፣ ልክ እንደ መታወቂያ። በ2010 የሊቨርፑል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ዳርሲን» ብለው የሰየሙት አንዱ ዓይነት ሴቷን ወደ ወንዱ ሽንት ይስባል። መጀመሪያ አፍንጫዋን አስጠግታ መንካት አለባት። ከዚያ የዚያን ወንድ ልዩ ሽታ ትማራለች፤ በኋላ ሳትነካውም ትለየዋለች።

ሰው እነዚህን ፕሮቲኖች የሚያመርት ጂን የለውም። በእኛ ምርመራ የሚታየው ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን።