«ኧርዝ» ምንድን ነው? ከ«ኤሬጽ» ጋር ያልተዛመደ ስም

አንድ አስተያየት ሰጪ «የፕላኔታችን የእንግሊዝኛ ስም ኧርዝ የተወሰደው ከዕብራይስጡ ኤሬጽ (ምድር) ነው፤ ዐረብኛው አርድ፣ ጀርመንኛው ኤርደ ይላል፤ ሌላ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?» ይላል። ብዙ ይፈለጋል።

ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች መልክ አይተው ዝምድና አይወስኑም፤ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። የቃላት ዝምድናም በቆጠራ እንጂ በመልክ አይታወቅም። ሁለት ቃላት በእርግጥ ዘመዳሞች ከሆኑ ወደ ላይ በተቆጠሩ ቁጥር ይቀራረባሉ፤ አያት ላይ ባይገናኙ ቅድመ አያት ላይ ይገናኛሉ። ኧርዝና ኤሬጽ ግን ወደ ላይ ሲቆጠሩ ይራራቃሉ።

ከእንግሊዝኛው እንጀምር። መጀመሪያ የሚያሳስተን የራሳችን አጻጻፍ ነው። በቃሉ መጨረሻ ያለው ድምፅ ምላስ በጥርስ መካከል ወጥቶ የሚነገር ነው፤ ፊደል ስለሌለን «ዝ» እንለዋለን፤ ያን ጊዜ ከ«ጽ» ጋር ይመሳሰልብናል። ጀርመንኛ በዚህ ድምፅ ፈንታ «ድ» አለው፤ እንግሊዞች ለሦስት በዚሁ ድምፅ ጀምረው «ስሪ» ሲሉ ጀርመኖች «ድራይ»፣ ለኧርዝም «ኤርደ» ይላሉ። ላቲኑ ሦስትን «ትሬስ» ይላል። ያኮብ ግሪም በ1822 እ.ኤ.አ. በሥርዓት ያስቀመጠው ሕግ ይህ ነው፤ እንግሊዝኛን የሚጨምረው የጀርመን ቋንቋዎች ቤተሰብ ይህን ድምፅ ያገኘው ከጥንቱ «ት» ነው። ስለዚህ የኧርዝ ቅድመ አያት በ«ርት» የሚያልቅ ነበር። (እንዲህ ያለው ቅርጽ በጽሑፍ የተገኘ ሳይሆን በስሌት የተደረሰበት ነው፤ ሊቃውንቱ ከፊቱ ኮከብ (*) የሚያስቀምጡት ለዚህ ነው።)

አሁን ወደ ሴም ቋንቋዎች። የኤሬጽ ሦስተኛ ድምፅ በዕብራይስጥ «ጽ»፣ በዐረብኛ ጠንከር ያለ «ድ»፣ በአራማይስጥ መጀመሪያ «ቅ» በኋላ «ዕ» ነው። ትንቢተ ኤርምያስ 10፥11 በአራማይስጥ የተጻፈ ቁጥር ስለሆነ «አርቃ» እና «አርዓ» የሚሉትን ሁለቱንም በአንድ ላይ ይዟል። ለዚህ ድምፅ በግዕዝ የሚቆመው «ፀ» ነው፤ ጸሎቱ «ጸ» አይደለም። የእኛ ዕፅ በዕብራይስጥ «ዔጽ»፣ በአራማይስጥ «አዕ» የሆነው በዚሁ ሕግ ነው። ዛሬ «ፀ» እና «ጸ» በአነጋገር ስለተቀላቀሉ በጽሑፍም እንዳሻን የምንለዋውጣቸው ሰዎች ይህን የመሰለ ማስረጃ በእጃችን እየፋቅን ነው።

ጥንት ይህ የኤሬጽ ሦስተኛ ድምፅ አየር ከምላስ ጎን እያፈተለከ የሚነገር፣ ለ«ል» የቀረበ ነበር። የሰዋስው ሊቁ ሲበወይህ በ8ኛው መቶ ዘመን የዐረብኛውን አነጋገር ሲገልጽ ምላስ በጎኑ መንጋጋ ጥርስን እንደሚነካ ጽፏል። እስፓኞች «አል ቃዲ» (ዳኛው) የሚለውን የዐረብኛ ቃል ሲወስዱ «አልካልዴ» ያሉት፣ ያንን «ል» ሰምተው ነው። እንግዲህ አንዱ ወደ «ት»፣ ሌላው ወደ «ል» ይሄዳል። ሰባት ቤት ሳይሞላ ተለያዩ።

«ጉዲፈቻስ ቢሆን? ቃል ይወሰዳል እኮ» የሚልም አለ። ይወሰዳል፤ ነገር ግን ኧርዝ የሚለው ቃል ዛሬ በጠፋው በጎትኛ፣ በጥንታዊው የስካንዲኔቪያ ቋንቋ በኖርስ (ዮርድ)፣ በደችና በጀርመንኛ በየቤቱ ሕግ እየተለወጠ ይገኛል። ስለዚህ ቋንቋዎቹ ሳይለያዩ በፊት በቤቱ የነበረ ቃል ነው፤ ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ጋር የገባ እንግዳ አይደለም።

«ፕላኔቷን ኧርዝ ብሎ ማን ሰየማት?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው። የሰየማት የለም። ኧርዝ አፈር፣ የሚረገጥ መሬት ማለት ነበር። ሰዎች ከፕላኔቶች ተራ አይቆጥሯትም ነበር፤ ምድር በፀሐይ ዙሪያ የምትዞር ፕላኔት ናት የሚለው የኮፐርኒከስ መጽሐፍ በ1543 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ ሐሳቡ ሲስፋፋ፣ የአፈሩ ስም ቀስ በቀስ የፕላኔቷ ስም ሆነ።

የእኛም ምድር እንዲሁ ነው። ዘፍጥረት 1፥10 ምድር የሚለው የብሱን ብቻ ነው፤ የውኃው ስም ባሕር ነው። ዛሬም «ምድር ቤት» ስንል ፕላኔት አናስብም። ዝምድናውን ለሚፈልግ፦ ምድር ከኤሬጽም ከአርድም ጋር በሥር አይገናኝም፤ የሥጋ ዘመዱ በዐረብኛ የደረቀ ጭቃ ማለት የሆነው «መደር» ነው። የኤሬጽን ዘመድ እንግሊዝኛ ቤት ድረስ የሚፈልግ ሰው፣ ግዕዝ ራሱ የሴም ልጅ ሆኖ ለምድር ሌላ ሥር መምረጡን ቢያይ መልካም ነበር።