ክልል በካርታና በኑሮ፦ ኢትዮጵያውያን አካባቢንና ልማትን የሚረዱበት መንገድ

የኢትዮጵያ የአስተዳደር ካርታ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በ1934 ዓ.ም. የጠቅላይ ግዛት አደረጃጀት መጣ፤ ቁጥሩ በኋላ ላይ 14 ደረሰ። ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር ብሎ ሰየመው። በ1980 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ገዝና አስተዳደር አካባቢ የሚባል ነገር ተጨመረ። የሽግግር መንግሥቱ በአዋጅ ቁጥር 7/1984 አገሪቱን በ14 ክልሎች አዋቀረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ወደ 9 አወረዳቸው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ መጥተው፣ ነባሩ የደቡብ ክልልም ቀርቶ፣ አሁን 12 ደርሰናል።

ሰው ግን በዚህ ፍጥነት አይቀየርም። «አገርህ የት ነው?» ሲባል ወሎ፣ ጎጃም፣ ሐረርጌ ብሎ የሚመልሰው አሁንም ብዙ ነው። አርሶ አደሩም፣ አርብቶ አደሩም፣ ነጋዴውም ስለ አካባቢው የየራሱ ግንዛቤ አለው። የልማት እቅድ ከዚህ ግንዛቤ ጋር ሲገጥም ይሠራል። ሳይገጥም ሲቀር ምን እንደሚሆን በደንብ የታየባቸው ቦታዎች አሉ።

በሰሜንና በመካከለኛው ደጋማ አገር ሰው አካባቢውን የሚለየው በመጀመሪያ በከፍታ ነው፤ ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ። ወይና ደጋው በግምት ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ያለው ነው። ደገኛው ገብስና በግ ይዞ ይወርዳል፤ ቆለኛው ማሽላና በርበሬ ይዞ ይወጣል። በየአካባቢው ያሉ ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው የሚቆሙትም ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው እንዲዘዋወር ስለሚያስችል ነው። እንዲህ ለሚኖር ሰው አንድ አካባቢ ማለት አፋፉና ሸለቆው አንድ ላይ ነው። የወረዳ ወሰን ግን ብዙ ጊዜ እዚያው አፋፉ ላይ ወይም ወንዙ ላይ ይሰመራል። ሁለቱ ወረዳዎች በየፊናቸው ሲያቅዱ፣ በመካከል ያለው ድልድይ የማንም ሥራ ሳይሆን ይቀራል።

የአዋሽ ሸለቆ ታሪክ ግን ከዚህ በጣም ይከብዳል። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ ወደ 1200 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያልቃል። ለመሐንዲሱ ይህ ወንዝ ከላይ እስከ ታች አንድ የልማት ቀጠና ነበር። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ማምረት ጀመረ። በ1952 የቆቃ ግድብ ተመረቀ። በ1954 ሸለቆውን በሙሉ የሚያቅድ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ መተሐራ ላይ ስኳር፣ በመካከለኛውና በታችኛው አዋሽ ጥጥ ተስፋፋ።

በሸለቆው ከብት የሚያረቡት አፋሩና ከረዩው ግን ያንኑ መሬት ያዩት በወቅት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ከብቱ ከወንዙ ርቆ እንደ አሊደጌ ባለ ሜዳ ይሰማራል። በጋ ሲከር ወደ ወንዙ ዳር ይመለሳል፤ እዚያ ሣር አለ። የወንዙ ዳር ከጠቅላላው የግጦሽ መሬት ትንሹ ክፍል ነው። ያለ እሱ ግን ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ለጥናት የመጣው ባለሙያ በክረምት ከሆነ የሚያየው ባዶ መሬት ነው። «ማንም አልያዘውም» ብሎ ለመጻፍ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አያገኝም።

ለእርሻ የተወሰደውም ይኸው የወንዝ ዳር ነበር፤ ውሃ የሚጠለፈው ከዚያ ነዋ። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲመጣ አፋሩ የሚሸሽበት የበጋ ግጦሽ አጥሮታል። ከብቱ አለቀ፤ ሰውም አለቀ። ከረዩዎችም በስኳር እርሻውና በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ መካከል ተጣበቡ። በወረቀት ላይ ሸለቆው በዚያን ጊዜ ከአገሪቱ ቀዳሚ የልማት ማሳያዎች አንዱ ነበር። የስኳሩም የጥጡም ምርት እውነተኛ ነው፤ ብዙ ሰው ሥራ አግኝቶበታል። ነገር ግን ልማቱ የተቆጠረው በተመረተው ኩንታል ነው። የበጋ ግጦሹ መጥፋት በየትኛውም የሒሳብ መዝገብ ኪሳራ ተብሎ አልገባም። በታችኛው አዋሽ ባለው አውሳ ላይ ሁኔታው ትንሽ ይለያል። የአውሳው ሱልጣን አሊሚራህ ሃንፈሬ ራሳቸው ጥጥ አስፋፍተዋል፤ ስለዚህ «አፋር እርሻ አይፈልግም» የሚለው አባባል ድሮም ልክ አልነበረም። ጥያቄው የነበረው በማን ውሳኔና ለማን ጥቅም የሚለው ነው።

ቦረና ላይም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል፤ እዚያ የመጣው ግን ስኳር ሳይሆን ውሃ ነው። የቦረና ምድር የሚታወቀው «ቱላ ሰልጋን» በሚባሉት ዘጠኝ ጥልቅ የጉድጓድ ሥፍራዎች ነው። ወጣቶች መሰላል ላይ ተደራርበው፣ እየዘፈኑ፣ ውሃውን በቅብብል ያወጡታል። የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ የሚያስተናግድ «አባ ሄሬጋ» አለ። ጉድጓድ የጎሳ ነው፤ ግጦሹን ግን ሁሉም ይጋራዋል። በመሆኑም ውሃውን የያዘ ግጦሹንም ይቆጣጠራል። ከቱላዎቹ የራቀው ሜዳ ውሃ ስለሌለው በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጣል፣ በቀረው ጊዜ ያርፋል።

ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተጀመረው የግጦሽ ልማት ፕሮጀክት እዚያ በሚያርፈው ሜዳ ላይ በማሽን ኩሬ ቆፈረ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ውሃ የሌለበት ቦታ ውሃ ቢያገኝ ማን ይጠላል? ግን ኩሬው ሲመጣ ሰው ዓመቱን ሙሉ ሰፈረ። ሣሩ ማረፊያ አጣ፤ ቁጥቋጦ ወረሰው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ይህን በስፋት መዝግበውታል። ሽማግሌዎቹ ቀድመው ቢጠየቁ ኖሮ ያ ሜዳ የተተወው በድህነት እንዳልሆነ ይናገሩ ነበር።

አርሲ ውስጥ በ1960 ዓ.ም. የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ሌላ ትምህርት አለው። ስዊድን ገንዘብና ባለሙያ ሰጠች፤ አንድ አውራጃ ተመርጦ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘር፣ ብድርና ገበያ በአንድ ላይ ገባ። የስንዴ ምርት በእርግጥ ጨመረ። ዛሬ በስንዴ ምርምር ስሙ የሚነሳው ቁሉምሳም ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው። ምርቱ ሲያድግ ግን መሬት ውድ ሆነ። ባለመሬቱ ትራክተር ገዝቶ ጭሰኛውን አባረረው። የአውራጃው አማካይ ምርት ወደ ላይ ሲወጣ የጭሰኛው ቤት ፈረሰ። «አካባቢው ለማ» ሲባል ከአካባቢው ማን ብሎ መጠየቅ የግድ የሆነው እንዲህ ባለው ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉራጌ እንሻገር፤ እዚህ ነገሩ ከታች ነው የጀመረው። ጉራጌ ለሥራ ወደ አዲስ አበባ መውጣት የቆየ ልማዱ ነው። አገሩ ለእሱ እንሰት ያለበት ጓሮና መርካቶ ያለው ሱቅ አንድ ላይ ናቸው፤ ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ ሲጠፋ አገሩ ለሁለት የተቆረጠ ያህል ነው። በተለይ ለመስቀል ቤተሰብ ጋ አለመግባት ከባድ ነገር ነው። በ1950ዎቹ የተቋቋሙት የመንገድ ሥራ ማኅበራት የተነሡት ከዚህ ነው። አንደኛው ከዓለምገና በቡታጅራና በሆሳዕና አድርጎ እስከ ሶዶ የሚደርሰውን መስመር ያዘ። ሌላው በሰባት ቤት ጉራጌ በኩል ሠራ። አባላት በየቤታቸውና በየሙያቸው ተተምነው አዋጡ፤ የመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤትም አገዘ። የዓለምገናው መስመር የጉራጌን ብቻ ሳይሆን የሐዲያን፣ የከምባታንና የወላይታን ምድርም ያገናኘ ነበር። ካርታ ላይ ስም ያልነበረው አካባቢ በመንገዱ ምክንያት አንድ ሆነ ማለት ይቻላል። የማኅበራቱ አሠራር ለሌሎችም አርአያ ሆኗል።

ከ1980ዎቹ ወዲህ ይህ የመዋጮ ልማድ በየክልሉ የልማት ማኅበር ሆኖ ተደራጀ። የትግራይ ልማት ማኅበር በመጀመሪያ የተመሠረተው አሜሪካ ውስጥ ባሉ ተወላጆች ነው። የአማራና የኦሮሚያ ማኅበራትም ውጭ አገር አባላት አሏቸው። ሥራቸው በብዛት ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና ውሃ ነው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ሰው የሚያዋጣው ግን ብዙ ጊዜ ለክልል ብሎ አይደለም። የተማረበት ትምህርት ቤት ጣሪያ ሲባል ኪሱ ቶሎ ይፈታል።

መንግሥት በበኩሉ ክልልን የሚያየው በበጀት በኩል ነው። ለክልሎች የሚከፋፈለውን የድጎማ በጀት ቀመር የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። የሕዝብ ቁጥር በቀመሩ ትልቅ ድርሻ አለው፤ ስለዚህ ቆጠራ በመጣ ቁጥር ጭቅጭቅ ይነሣል። ሕገ መንግሥቱ በልማት ወደ ኋላ ለቀሩ ሕዝቦች ልዩ ድጋፍ ይደረጋል ይላል። በዚህም አፋር፣ ሶማሌ፣ ቤንሻንጉል ጉሙዝና ጋምቤላ ለረጅም ጊዜ «ታዳጊ ክልሎች» ሲባሉ ቆይተዋል። አርብቶ አደሩን «ገና ወደ ልማት እየመጣ ያለ» ብሎ የሚያይ ቃና ያለበት ስያሜ ነው፤ ለእኔ አይጥመኝም።

አዲሶቹ ክልሎች ላይ ክርክሩ መልኩን ቀይሯል። አሁን ትልቁ ጥያቄ መቀመጫው የት ይሁን የሚለው ነው። ቢሮ ያለበት ከተማ መንገድ፣ ሆቴል፣ የደመወዝ ገበያ ያገኛል፤ የሌለበት ለአንድ ፊርማ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። በ2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ክልል ጉዳዩን የፈታው መቀመጫውን በመበተን ነው። አስተዳደሩ ቦንጋ፣ ምክር ቤቱ ተርጫ፣ ፍርድ ቤቱ ሚዛን አማን፣ የብሔረሰቦች ምክር ቤቱ ቴፒ ሆነ። ደቡብ ኢትዮጵያም በ2015 ሲመሠረት ወላይታ ሶዶን፣ አርባ ምንጭን፣ ዲላን፣ ጂንካን፣ ሳውላንና ካራትን መቀመጫ አድርጎ ቢሮዎቹን በእነሱ ላይ አከፋፍሏል። ባለጉዳይ ከቤቱ ከመነሣቱ በፊት የሚፈልገው ቢሮ በየትኛው ከተማ እንደሆነ ማጣራት አለበት።