ወልዲያ ስፖርት ክለብ፦ ሁለት ጊዜ የወጣው፣ ሁለት ጊዜ የወረደው

ወልዲያ ስፖርት ክለብ በሰሜን ወሎዋ ወልዲያ ከተማ የሚገኝ የእግር ኳስ ክለብ ነው። በኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ሦስት የውድድር ዘመን ተጫውቷል፤ በ2007፣ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም.። ሁለት ጊዜ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ወረደ። በመሀሉ አገር የሚያወራለት ስታዲየም ባለቤት ሆነ። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ወሎን በትልቁ ሊግ የወከለው እሱ ብቻ ነበር።

ይህ ዳሰሳ በአብዛኛው የሚያወራው ስለነዚያ ዓመታት ነው። በሊጉ ውስጥ ያለ ክለብ በየሳምንቱ ይጻፍለታል፣ ይወራለታል። ከሊጉ የወጣ ክለብ ግን ስሙን የሚያነሣው የራሱ ሰው ብቻ ነው።

ከተማዋና መንገዱ

ወልዲያ የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዙሪያዋን በተራራ የተከበበች፣ መንገድ የሚገናኝባት ከተማ ናት። አንዱ መንገድ በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ መቀሌ ይሄዳል። ሌላው ዳገቱን ወጥቶ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላና ወደ ደብረ ታቦር ያመራል። በ1999ኙ የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ 46,139 ነዋሪ ነበራት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ያኔ ሊጉ በደርሶ መልስ ነበር የሚካሄደው። እያንዳንዱ ክለብ ግማሹን ጨዋታ በሜዳው፣ ግማሹን በሰው ሜዳ ይጫወታል። ከአዲስ አበባ ወልዲያን ሊገጥም የሚመጣ ቡድን አውቶቡሱ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ይወርዳል። ኮምቦልቻ ይደርሳል። ከዚያ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሽቅብ ወጥቶ ደሴ ይገባል። ይህን ሁሉ ተጉዞም ገና አልደረሰም። ሐይቅ፣ ውጫሌ (አዎ፣ የውሉ ውጫሌ) እና መርሳ ይቀሩታል። እግሩ ተሳስሮ፣ ወገቡ ዝሎ ወልዲያ የሚገባ ተጫዋች በማግስቱ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚጫወት መገመት ነው።

ችግሩ ወልዲያም በተራው ይህንኑ መንገድ መምታቱ ነው። አርባ ምንጭ ወይም ጅማ ሲሄድ አዲስ አበባ ግማሽ መንገድ ናት። ነዳጅ፣ ሆቴል፣ አበል፣ ሁሉም ብር ነው። ለአዲስ አበባ ክለቦች ግን ብዙው ጨዋታ ከሰፈር አይርቅም ነበር። የክልል ክለቦችን አቅም ስንመዝን ይህን መርሳት የለብንም።

ከዚያ በፊት

ወሎ ለኳስ አዲስ አይደለም። በክፍለ ሀገር ዘመን የወሎ ምርጥ ከሌሎች ክፍለ ሀገራት ጋር ይጋጠም ነበር፣ የደሴው ሆጤ ሜዳም ብዙ ትውልድ አይቷል፣ ኮምቦልቻም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ቡድን ነበራት።

የመጀመሪያው መውጣት

ወልዲያ ለ2007 የውድድር ዘመን ወደ ፕሪምየር ሊግ ሲያድግ አብሮት የወጣው አዳማ ከተማ ነበር። ሊጉ ያኔ 14 ክለቦች ነበሩት። አዳማ ቦታውን ያዘ። ወልዲያ ግን የሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ከሙገር ሲሚንቶ ጋር ወረደ። ዋንጫውን ቅዱስ ጊዮርጊስ ወሰደ።

ስለዚያ ዓመት ብዙ ማለት ይቻላል፤ ግን የሚባለው ሁሉ አንድ ነው። ከታች የመጣ ቡድን በታችኛው ሊግ ስብስብ ላይ ጥቂት ሰው ጨምሮ ትልቁን ሊግ ሲገጥም እንዲህ ይሆናል። ወልዲያ የመጀመሪያው አልነበረም፣ የመጨረሻውም አልሆነም።

የሚያስመሰግነው ቀጥሎ ያደረገው ነው። በ2008 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ሥር ከፍተኛ ሊግ የሚባል አዲስ እርከን ተቋቋመ። በሁለት ምድብ የተከፈለ፣ ረጅምና አድካሚ ውድድር ነበር። ብዙ ወራጅ ክለብ እዚህ ሲገባ ይቀልጣል። በዚያው ዓመት ከፕሪምየር ሊጉ የወረደው ዳሸን ቢራ ጭራሽ ፈረሰ። ወልዲያ ግን አልፈረሰም። በአንድ ዓመት ውስጥ ተመልሶ ወጣ። አብረውት ያደጉት ፋሲል ከነማ፣ አዲስ አበባ ከተማ እና ጅማ አባ ቡና ነበሩ። ሊጉም ከ14 ወደ 16 ክለብ አደገ።

ስታዲየሙ

2009 ዓ.ም. ለወልዲያ ሰው የተለየ ዓመት ነው። ጥር 6 ቀን 2009 በወልዲያ የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየምና የስፖርት ማዕከል ተመረቀ። ግንባታው ከግማሽ ቢሊዮን ብር በላይ ወስዷል። ወጪውን የሸፈኑት ስሙ የተሰጣቸው ባለሀብት ናቸው። ሼኩ ያደጉት ወልዲያ ነው። ወልዲያ ላይ “የኛ ልጅ” ሲባል ስለማን እንደሚወራ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ስታዲየሙ 25,155 ተመልካች እንዲይዝ ነው የተሠራው። አሁን ያችን የቆጠራ ቁጥር አምጧት። በ1999 ከተቆጠረው የከተማው ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይባል፣ በአንድ ጊዜ ገብቶ መቀመጥ ይችላል። በእርግጥ ከተማዋ ከዚያ ወዲህ ሰፍታለች። ቢሆንም ስታዲየሙ ከክለቡ መግዘፉ አይካድም።

ግቢው እግር ኳስ ብቻ አይደለም። መዋኛ ገንዳ አለው። የቅርጫት ኳስ፣ የመረብ ኳስ፣ የእጅ ኳስና የሜዳ ቴኒስ መጫወቻዎች ተካተዋል። በአንድ የዞን ከተማ ይህን ሁሉ በአንድ ግቢ ማግኘት በጊዜው የማይታሰብ ነበር። የአገሪቱ ዋና ስታዲየም እርጅና ተጫጭኖት፣ በየክልሉ የተጀመሩ ትልልቅ ስታዲየሞች በጅምር ቀርተው ሳለ፣ ወልዲያ ላይ የተጀመረው አለቀ። “ወሎ ገራገሩ” እየተባለ ሁሌ ሲረሳ ለኖረ አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ምረቃው አገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ባለችበት ወቅት መሆኑ ደግሞ ደስታውን ለየት ያለ አድርጎታል። ሰው በብዛት ለመሰብሰብ ሁለቴ በሚያስብበት ዓመት ከተማው በሙሉ ወጣ።

ክለቡም በዚያ ዓመት አላሳፈረም። ከ16ቱ ክለቦች ሦስቱ ወራጅ ነበሩ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ጅማ አባ ቡና እና አዲስ አበባ ከተማ። ወልዲያ በሊጉ ቆየ። ሁለቱ ወራጆች አብረውት ያደጉ መሆናቸውን ልብ ይሏል። ንግድ ባንክ በኋላ ተመልሶ በ2016 ዓ.ም. የሊጉ ሻምፒዮን ሆኗል። ከወረዱ በኋላ ዋንጫ ማንሣት ይቻላል ማለት ነው፤ ከጀርባ ባንክ ካለ።

የብሩ ነገር

የኢትዮጵያ ክለብ ከትኬት ሽያጭ አይኖርም። የሚኖረው ከከተማ አስተዳደር በጀት፣ ከመንግሥት ድርጅት ወይም ከባለሀብት ኪስ ነው። በእነዚያ ዓመታት የተጫዋች ደሞዝ ሽቅብ እየተተኮሰ ነበር። ነገሩ ከመክፋቱ የተነሣ በ2011 መጨረሻ ክለቦች የወር ደሞዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተስማሙ። ከተማ አስተዳደር ውኃና መንገድ ሳይጨርስ ለአጥቂ ይህን ያህል ሲከፍል ማሰብ ነው።

ሼኩ ለወልዲያ ያላቸው ፍቅር ስታዲየሙ ላይ ይታያል። ግን እሳቸው የቅዱስ ጊዮርጊስም የረጅም ዘመን ደጋፊ ናቸው። ጊዮርጊስ ወልዲያ ሲመጣ ሜዳው ላይ በሁለቱም ወገን የሳቸው እጅ ነበር። ይህ ለቀልድ ጥሩ ነው፤ ለክለብ የገቢ ምንጭ ግን ዋስትና አይሆንም። ስታዲየም ስጦታ ሊሆን ይችላል። የዓመት በጀት ግን በየዓመቱ ነው የሚፈለገው።

2010፦ ሁሉም በአንድ ላይ

ጥቅምት 25 ቀን 2010 ሼህ አል አሙዲ ሳውዲ ዓረቢያ ውስጥ በጸረ ሙስና ዘመቻ ከተያዙት ባለሀብቶች ጋር ታሰሩ። የተፈቱት ጥር 19 ቀን 2011 ነው። ወልዲያ የወረደበት የውድድር ዘመን ከዳር እስከ ዳር እሳቸው በእስር ላይ እያሉ አለፈ። እስሩ ነው ያወረደው የሚል ደጋፊ አለ። ይህ ግን ነገሩን ማቅለል ይመስላል፤ ሜዳ ላይ የሚሸነፈው ተጫዋቹ ነው። ሁለቱ መገጣጠማቸውን መካድ ግን አይቻልም።

ከዚያ ኅዳር መጣ። ኅዳር 24 ቀን 2010 ወልዲያ ያን ዓመት ወደ ሊጉ ያደገውን መቀሌ ከተማን ሊያስተናግድ ነበር። በከተማው ግጭት ተነሥቶ ጨዋታው ሳይካሄድ ቀረ። ማን ቀድሞ ጀመረው የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ወልዲያ ላይ የሚነገረውና መቀሌ ላይ የሚነገረው አይገናኝም። ጉዳዩ የኳስ ብቻ እንዳልነበረ ግን ሁለቱም ወገን ያውቃል። ሁለቱ ከተሞች በአንድ መንገድ ላይ የተቀመጡ፣ በገበያና በጋብቻ የተሳሰሩ ናቸው። የዘመኑ ፖለቲካ ግን ስታዲየም ሰብሮ ገብቶ ነበር። በዚያ ወቅት የአማራና የትግራይ ክለቦች ጨዋታ በገለልተኛ ሜዳ ይሁን አይሁን የሚለው ራሱ አንድ ትልቅ አጀንዳ ሆኖ ነበር።

ሁለት ወር አልሞላም። ጥር 12፣ በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ወልዲያ ውስጥ ታቦት በሚሸኝበት ሰዓት የጸጥታ ኃይሎች በተኮሱት ጥይት ቢያንስ ሰባት ሰዎች መገደላቸውን የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ቢሮ አስታውቋል። ተቃውሞው ወደ ቆቦና ወደ መርሳም ተዛመተ። በየካቲት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እንደገና ታወጀ። እንግዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ ነው ክለቡ ልምምድ ሠርቶ፣ ነጥብ ሰብስቦ፣ ላለመውረድ እንዲታገል የሚጠበቀው።

ያ ዓመት ለሊጉም ክፉ ነበር። ዳኞች ሜዳ ላይ ተደበደቡ። በሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ሊጉ ለጊዜው እስከ መቆም ደረሰ። የወልዲያ ደጋፊም ከዚህ ሁሉ ሙሉ በሙሉ ነፃ ነበር ለማለት አይደፈርም፤ ጥፋቱን ለብቻው መሸከሙ ግን አግባብ አይደለም። ዓመቱ ሲዘጋ ወልዲያ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ እና አርባ ምንጭ ከተማ ወረዱ። ገና አዲስ የመጣው ጅማ አባ ጅፋር ሻምፒዮን ሆነ። ከአማራ ክልል ወልዲያ ሲወርድ ባሕር ዳር ከተማ ወጣ።

ከዚያ ወዲህ

በ2011 ወልዲያ ወደ ከፍተኛ ሊግ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ እንደ 2008ቱ በአንድ ዓመት አልተነሣም። በ2012 ኮሮና ውድድሮችን አቋረጠ። በ2013 ፕሪምየር ሊጉ በአክሲዮን ማኅበር ሥር ሆኖ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ። ጨዋታዎቹም በደርሶ መልስ መሆናቸው ቀርቶ ክለቦች በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰቡ ይጫወቱ ጀመር። የዚያ ዓመት ከተሞች አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ነበሩ። የወልዲያ ሰው በቴሌቪዥን እያየ “እኛ ጋ እኮ ስታዲየም አለ” ማለቱ አልቀረም። የቴሌቪዥኑ ብር ሲመጣ ወልዲያ ሊጉ ውስጥ የለም። ያ አድካሚ የመንገድ ወጪ የቀነሰውም ወልዲያ ከወረደ በኋላ ነው።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ወልዲያ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበረች። ደሴና ኮምቦልቻም በጥቅምት 2014 በዚያው ጦርነት ተይዘው ነበር። የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፏል፣ ጉዳት ደርሶበታል። ለእነዚያ ወራት ስለ ክለብ ማውራት ቅንጦት ነበር። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ወደ ሌላ ግጭት ገብቷል። በስጋት ውስጥ ያለ ከተማ እንግዳ ቡድን ጋብዞ ማስተናገድ አይችልም፤ በጀትም ቢኖር።

በ2008 አብረው ያደጉትን አራቱን ክለቦች ማስተያየት ደስ ይላል። ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሣ። ጅማ አባ ቡና በወጣ በዓመቱ ወረደ። አዲስ አበባ ከተማም አብሮት ወረደ፤ በ2014 ተመልሶ መጥቶ በዚያው ዓመት እንደገና ወረደ። ወልዲያ ሁለት ተከታታይ ዓመት ቆይቷል። ከአራቱ ውስጥ ከፋሲል ቀጥሎ ሊጉን ሳይለቅ ረጅም ጊዜ የቆየው እሱ ነው።