ኤንዲቪአይ ምንድን ነው?

ቆቦ ላይ ማሽላ የሚያርሱ አጎት አሉኝ። ስለ መንኮራኩር በተወራ ቁጥር «ምድሩን ሳይጨርሱ ሰማይ ምን ሊቀዱ ይወጣሉ?» ይላሉ። ጥያቄው የዋዛ አይደለም፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነውና። እኔ ግን መልሱን ከጨረቃ ሳይሆን ከራሳቸው የማሽላ ቅጠል እጀምራለሁ።

ለምለም ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ሊሠራበት ይውጠዋል። ኢንፍራሬድ የሚሉትን፣ ለዓይናችን የማይታየውን ብርሃን ግን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ሲጠወልግ የሚውጠው ቀይ ያንሳል፣ የሚመልሰው ኢንፍራሬድም ይቀንሳል። ሳተላይቱ ሁለቱንም ይለካል። ከኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩ ተቀንሶ የተረፈው ለሁለቱ ድምር ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው ኤንዲቪአይ፤ የልምላሜ መለኪያ ብንለው ያስኬዳል። ነሐሴ ላይ አንድ ማሳ ካረፈበት ኢንፍራሬድ 50 በመቶውን፣ ከቀዩ 8 በመቶውን መለሰ እንበል። 42 ለ58 ሲካፈል 0.72 ይመጣል። ዝናብ የቀረበት ጎረቤቱ 30 እና 24 ቢመልስ 0.11 ነው፤ ባዶ መሬት በሉት።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አይናገርም፤ ከአምናና ከካቻምና ጋር ሲተያይ ነው ጉዱ የሚወጣው። በደላንታ ደጋ የበልጉ ገብስ ሚያዝያ ላይ ከብዙ ዓመቱ አማካይ እጅግ ካነሰ፣ ጎተራው ባዶ ሊሆን እንደሚችል ከአጨዳው በፊት ይታወቃል።

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ላንድሳት ከሚባሉት ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች የመጀመሪያዋን እ.ኤ.አ. በ1972 ሲያመጥቅ የ66ቱ የወሎ ረሃብ ደጃፍ ላይ ነበር። ዓይኑ ሰማይ ላይ ወጥቷል፤ ለወሎ ብሎ የሚያይበት ግን አልነበረም። የአሜሪካ መንግሥት የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ ያቋቋመው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ማግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ከአየር ጠባይ ሳተላይቶች የሚወጣው የልምላሜ ካርታም አንዱ መሣሪያው ሆነ።

ታዲያ ለምን መንግሥት ይክፈል? የቆቦ ገበሬ ምስል ስለማይገዛ፣ ነጋዴ ለእሱ ብሎ ሳተላይት አያመጥቅም። የላንድሳት አንድ ምስል በአንድ ወቅት 600 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ለሁሉም ነፃ ተለቀቀ። ለእኔ ከጨረቃው ጉዞ የሚበልጠው ውሳኔ ይህ ነው። (ናሳ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት የሚደርሰው፣ ጨረቃውም ማርሱም ተደምሮ፣ ግማሽ በመቶ እንኳ አይሞላም።) የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይት ደግሞ እያንዳንዷን 10 ሜትር በ10 ሜትር መሬት ለይቶ ያሳያል፤ እሱም ነፃ ነው። ደሴ የተቀመጠ ተማሪ የቦርከናን ሸለቆ በስልኩ ከፍቶ ያየዋል። እኛም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ምድር 72 ኪሎ የምትመዝን የራሳችንን ሳተላይት አምጥቀናል፤ የወጪውን አብዛኛውን የቻለችው ግን ቻይና ናት።

መለኪያው ጉድለት አለበት። ክረምት ላይ፣ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት፣ ደመና ይጋርደዋል። ጤፉንና ፓርቴኒየም የሚሉትን አረም አይለይም፤ ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ማሽላው ቅጠሉ አምሮ ዛላው ላይ ፍሬ ላይቋጥር ይችላል፤ ያኔም ቁጥሩ 0.7 ይላል።

ይህን ስነግራቸው አጎቴ «አብሽር፤ ዛላውንስ ማን ያየዋል?» አሉኝ። ዛላውን የሚያየው አሁንም የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ነው፣ በእግሩ ሄዶ።