የኅብረተሰብ ትምህርት፣ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችና ቴክኖሎጂ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአብዛኛው የሚገቡት ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ነው። ብዙ ጊዜ ይህን የሚወስነው ዝንባሌያቸው ሳይሆን፣ የሒሳብና የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት ለእነርሱ ተስማሚ ሆኖ አለመዘጋጀቱ ነው። ከዚህ ልማድ የተነሡ አመለካከቶች እስከ ዛሬ በመምህራን ዘንድ ይሰማሉ።

«ታሪክና ጂኦግራፊ ትረካ ስለሆኑ ለዓይነ ስውር ተማሪ ጆሮ ይበቃዋል።»

አይበቃውም። ትምህርቱ በካርታ፣ በግራፍና በሰንጠረዥ የተሞላ ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እንደሚወርድ፣ ከዚያም ጎጃምን ዞሮ ወደ ሱዳን እንደሚያቀና በቃል ብቻ የሰማ ተማሪ ዓረፍተ ነገሩን ይሸመድዳል፤ የወንዙን ቅርጽ ግን አያገኘውም። በሙቀት የሚያብጥ ወረቀት ላይ የታተመ ካርታ፣ እርሱ ከሌለም በካርቶን ላይ በሙጫ የተጣበቀ ክር፣ ያንን ዙሪት በጣቱ እንዲከተል ያስችለዋል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ እየጠቆመ «እዚህ ጋ» ማለቱን ካልተወ ግን የትኛውም መሣሪያ አያግዘውም።

«መጽሐፉ በፒዲኤፍ ከተላከ ተደራሽ ሆነ ማለት ነው።»

ይህ ከሁሉም በላይ ጉዳት የሚያደርስ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ችግሩ ለላኪው አይታየውም። ስካን የተደረገ ገጽ ፎቶግራፍ በመሆኑ የማያ ገጽ አንባቢ ፕሮግራም (በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ) ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደላትን ከሚለዩበት የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተተየበ ማስታወሻም ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ኮምፒውተሩ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር አድርጎ ያነበዋል። መፍትሔው ጽሑፉን በዩኒኮድ መተየብ፣ ርዕሶቹን በመጻፊያ ፕሮግራሙ የርዕስ ስታይል (Heading) ማበጀትና ለእያንዳንዱ ሥዕል አጭር መግለጫ መጨመር ነው።

«መሣሪያው ውድ ነው።»

የኮምፒውተሩን ጽሑፍ በጣት ወደሚዳሰሱ ነጥቦች የሚለውጠው የብሬይል ማሳያ በእርግጥ ውድ ነው። ይሁን እንጂ በ2006 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ የተጀመረው ኤንቪዲኤ (NVDA) የተባለ የማያ ገጽ አንባቢ በነጻ የሚገኝ ሲሆን፣ አብሮት የሚመጣው ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጥ ፕሮግራም፣ ኢስፒክ ኤንጂ (eSpeak NG)፣ ድምፁ ሻካራ ቢሆንም፣ አማርኛ ያነባል።

«ቪዲዮው ከሥሩ ጽሑፍ ካለው መስማት ለተሳናቸው ይበቃል።»

ለብዙዎቹ የመግባቢያ ቋንቋቸው የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ ነው፤ ሰዋስዉም ከአማርኛ የተለየ ስለሆነ «ሕገ መንግሥት» ወይም «ፌዴራሊዝም» የሚል ቃል በፍጥነት ሲያልፍ ትርጉሙ አብሮ ያልፋል። ቃላቱን አስተርጓሚው አስቀድሞ በምልክት ቋንቋ ቢቀርጻቸው ተማሪዎቹ በስልካቸው ደጋግመው ያዩአቸዋል። ክፍል ውስጥም ዓይን አስተርጓሚውንና ፊልሙን በአንድ ጊዜ መከተል ስለማይችል፣ መምህሩ ቪዲዮውን እያቆመ ማስተርጎም ይኖርበታል።