የባቡር ልጆች፦ ሮክ ሙዚቃ ከድሬዳዋና ከሐረር ሲታይ

ሮክ በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተወለደ ሙዚቃ ነው። አቋሙ ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ ከዚያ ደግሞ የሚዘፍን ሰው። አራት ይቆጠራል፤ ድራሙ ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ጠንከር ብሎ ይመታል። ከዚህች ትንሽ ነገር ተነሥቶ ግን የልብሱን፣ የፀጉሩን፣ የአነጋገሩን፣ የወጣትነትንም ትርጉም ጭምር የቀየረ ሌላ ሙዚቃ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ማግኘት ይከብዳል።

ብዙዎቻችን ሮክን «የፈረንጅ ጩኸት» ብለን እናልፈዋለን። የድሬ ወይም የሐረር ልጅ ግን እንዲህ ብሎ ሊያልፈው አይገባም ብዬ አምናለሁ። የሮክ ታሪክ ከእነዚህ ሁለት ከተሞች ጋር በተለያየ ቦታ ይገናኛል። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሐዲዱ ዳር

ሮክ የባቡር ልጅ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡቡ የጥጥ እርሻ ወደ ሰሜኑ የፋብሪካ ከተሞች ተሰደዱ። ብዙዎቹ የሄዱት በባቡር ነው። ብሉዝ የሚባለውን ሙዚቃቸውንም ይዘው ሄዱ። መዲ ዋተርስ ከሚሲሲፒ ተነሥቶ ቺካጎ የገባው በ1943 ነበር። ገጠር ሳለ የሚጫወተው በተራ የእንጨት ጊታር ነው። ቺካጎ መጠጥ ቤት ውስጥ ግን ጫጫታው ጊታሩን ዋጠው። እሱም ኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ።

ሌላው ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሲስተር ሮዜታ ታርፕ የምትባል ጥቁር ዘማሪ ሮክ የሚባል ስም ሳይወጣ በፊት ኤሌክትሪክ ጊታር አንግታ መዝሙር ትጫወት ነበር። ኋላ የሮክ ኮከብ የሆነውን ሊትል ሪቻርድን ገና ልጅ ሳለ መድረክ ላይ ያወጣችው እሷ ናት። በ1954 ኤልቪስ ፕሪስሊ ሜምፊስ ከተማ ውስጥ የመጀመሪያ ሸክላውን ሲያስቀርጽ መንገዱ ተጠርጎ ነበር የጠበቀው። ኤልቪስ ነጭ ስለነበር ለጥቁሮቹ የተዘጋው የሬዲዮና የቴሌቪዥን በር ተከፈተለት። ይህን ሳይጠቅሱ የሮክን ታሪክ መጻፍ ትክክል አይመስለኝም።

ከሁሉም ለድሬ ሰው ቅርብ የሚሆነው ግን ቸክ ቤሪ ነው። በ1958 ባወጣው «ጆኒ ቢ ጉድ» በሚባለው ዘፈኑ ውስጥ አንድ የገጠር ልጅ አለ። ልጁ ማንበብና መጻፍ ብዙም አይሆንለትም። ጊታሩን በጆንያ ይዞ ሐዲዱ ዳር ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የሚያልፈውን ባቡር ምት እየሰማ ይጫወታል። ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር የሚመጣብኝ የድሬዳዋው ሰፈር የከዚራ ጥላ ነው፤ በግራና በቀኝ የተተከሉት ትልልቅ ዛፎች፣ ከበስተጀርባ ባቡር ጣቢያው ለገሃሬ። ናሳ በ1977 ቮያጀር የተባሉትን መንኩራኩሮች ወደ ጠፈር ሲልክ በወርቅ በተለበጠ ሸክላ ላይ የዓለምን ሙዚቃ ጭኖባቸዋል። ከተመረጡት አንዱ ይኸው የሐዲድ ዳር ልጅ ዘፈን ነው።

የተቀደደው ስፒከር

የሮክ ድምፅ ሻካራ የሆነበት ምክንያት አለው። በ1951 አንድ የሙዚቃ ቡድን ከሚሲሲፒ ወደ ሜምፊስ ለቀረጻ ሲጓዝ አምፕሊፋየሩ መንገድ ላይ ተበላሸ። ስፒከሩን ጋዜጣ ጠቅጥቀውበት ቀረጹ ይባላል። ድምፁ ተንጫጫ። «ሮኬት 88» የተባለውን ይህን ዘፈን ብዙዎች የመጀመሪያው የሮክ ሸክላ ይሉታል። በ1964 ደግሞ የእንግሊዙ የኪንክስ ባንድ ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ የስፒከሩን ወረቀት ሆን ብሎ በምላጭ ቀደደው።

በታክሲ ወይም በባጃጅ የሄደ ሰው ይህን ድምፅ ያውቀዋል። የተቀደደ ስፒከር ላይ ድምፅ ሲጨምሩበት ዘፈኑ እንደ አሸዋ ይፋጫል። እኛ «አስጠግነው» እንላለን። እነሱ እዚያው ውስጥ ስሜት አገኙበት። ኋላ ላይ በእግር የሚረገጡ ትንንሽ መሣሪያዎች ተሠሩና ያንኑ ሻካራ ድምፅ ያለ ምላጭ ማውጣት ተቻለ።

ባቡሩ የወለዳት ከተማ

ድሬዳዋም የባቡር ልጅ ናት። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው አላስወጣ አለ። በ1902 ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፣ እዚያው ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ ስሟ «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ድሬ ላይ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ሕንዱ ከኦሮሞው፣ ከሶማሌው፣ ከሐረሪው፣ ከአማራው ጋር ኖረ። ጂቡቲ ወደብ ላይ የወረደ ዕቃ ቀድሞ የሚያየው የድሬ ሰው ነው። ሬዲዮኑም ቴፑም በዚያ በኩል ይመጣል። ድሬ ላይ ታይዋን የሚባለው ገበያ የበቀለው ከዚሁ የንግድ መሥመር ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ እዚህ ከተማ ውስጥ አፍራን ቀሎ የተባለ የወጣቶች ባንድ ተቋቋመ። በኦሮምኛ ዘመናዊ ሙዚቃ መጫወት ጀመሩ። በዚያን ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ከመንግሥት በኩል ጫና ነበረባቸው። ከባንዱ የወጣው አሊ ቢራ ነው። በ1947 ድሬዳዋ ተወለደ። ዑድም ጊታርም ይዟል። በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማልኛ ዘፍኗል። እስከ ኅዳር 2022 ድረስ፣ እስካረፈበት ቀን፣ የምሥራቁ ድምፅ እሱ ነበር።

አሊ ቢራ ሮክ አልተጫወተም። እንዲያ ብሎ ስም መለጠፍ እሱንም ሮክንም ማሳነስ ነው። ግን በዚያው ዘመን በእንግሊዟ ሊቨርፑል ውስጥም ድሬዳዋ ውስጥም ወጣቶች አንድ ዓይነት ነገር እያደረጉ ነበር። ጊታር ይይዛሉ፣ ሰፈር ውስጥ ባንድ ያቋቁማሉ፣ በራሳቸው አፍ ይዘፍናሉ። ለእኔ የሮክ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ወደ አገሪቱ በሙሉ ካየን ደግሞ ሌላው ትልቅ በር አስመራ ነበር። ቃኘው የተባለው የአሜሪካ ጦር ሰፈር የራሱ ሬዲዮ ነበረው። ሮክ ኤንድ ሮልና ሶል ከዚያ ይሰማ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ተባለ። አምሃ እሸቴ በ1969 የራሱን ሸክላ ቤት ከፈተ። አይቤክስ የመሳሰሉ ባንዶች ጊታሩን ከፊት አመጡት። ቤል ቦተም ሱሪና አፍሮ ፀጉር የከተማው ወግ ሆነ። ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ሰዓት እላፊ ታወጀ። የምሽት ሙዚቃ አለቀለት፤ ዘፈኑ ካሴት ውስጥ ገባ።

ቅርንጫፎቹ

እዚያ ማዶ ሮክ እየበረታ ሄደ። በ1964 ቢትልስ የተባሉት የሊቨርፑል ልጆች አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ሲቀርቡ 73 ሚሊዮን ያህል ሰው አያቸው። በ1969 ውድስቶክ የተባለው የሙዚቃ ድግስ ላይ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ጭቃ ውስጥ ቆሞ ሰማ፤ መዝጊያው ላይ ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ የአሜሪካን ብሔራዊ መዝሙር በጊታሩ ብቻ እንደ ጦርነት አስጮኸው። ቬትናም ላይ ቦምብ በሚወርድበት ወቅት ማለት ነው። ከዚያ ፓንክ የሚባለው ቅርንጫፍ መጣ፤ ሦስት ኮርድ የሚያውቅ ሁሉ ባንድ ያቁም አለ። በ1991 ኒርቫና የተባለው ባንድ የአሜሪካዋን ከተማ የሲያትልን ድምፅ ዓለም ላይ በተነው።

ሄቪ ሜታል የሚባለው ከባዱ ሮክ ላይ ግን ትንሽ መቆም ያስፈልጋል። የፋብሪካ ከተማ ሙዚቃ ነው። የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በእንግሊዟ በርሚንግሃም ውስጥ የብረታ ብረት ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። በ17 ዓመቱ የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ከፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ክዳን ሠራ። ክሩ እንዳያሳምመው አላላው። ክሩ ሲላላ ድምፁ ወረደ፣ ከበደ። በ1970 የወጣው የመጀመሪያ አልበማቸው የአንድ ሙሉ ዘርፍ መነሻ ሆነ። የጨርቃ ጨርቅና የሲሚንቶ ፋብሪካ ፈረቃ ለሚያውቅ የድሬ ቤተሰብ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም።

ራምቦ ቤት

ሐረር ግን ወደ ሮክ የገባችው በግጥም ነው። ከፈረስ መጋላ አደባባይ በግንብ ወደታጠረው አሮጌ ከተማ ወደ ጀጎል ውስጥ ስትዘልቅ መኪና ግርግር የሚባል መንገድ አለ። ስሙን ያገኘው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ይረግጣሉ፣ ደንበኛው ጨርቁን ይዞ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ጠበብ ባለው መንገድ ታጥፈህ ስትገባ ከሌሎቹ ቤቶች ሁሉ የተለየ የእንጨት ፎቅ ታገኛለህ። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው። ፀሐይ ስትገባ ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይወድቃል። የሐረር ልጆች «ራምቦ ቤት» ይሉታል። ቤቱን የሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ አርተር ራምቦ ራሱ አልኖረበትም። አሁን የእሱ ሙዚየም ነው።

ራምቦ ፈረንሳዊ ገጣሚ ነበር። ግጥሙን ሁሉ ጽፎ የጨረሰው 21 ዓመት ሳይሞላው ነው። ከዚያ ብዕሩን ጣለው። በ1880 መጨረሻ የየመኗ ወደብ የኤደን የቡና ነጋዴዎች ተቀጣሪ ሆኖ ሐረር ገባ። በመሃል እየሄደ እየመጣ እስከ 1891 ቆየ። ቡና ገዛ፣ ቆዳ ሸጠ፣ ለምኒልክ ጠመንጃ አቀረበ። በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ራሱን እዚሁ ሐረር ፎቶ አነሣ። ያ ፎቶ ዛሬም አለ፤ ፀሐይ ያጠቆረው፣ ነጭ የለበሰ፣ የደከመው ሰው። በ1891 ጉልበቱ አብጦ መራመድ ሲያቅተው 16 ተሸካሚዎች በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወሰዱት። ፈረንሳይ ውስጥ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመት በ37 ዓመቱ ሞተ።

ይህ ሰው ነው የሮክ ገጣሚዎች አባት የሆነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቦብ ዲላን በ1975 በወጣ ዘፈኑ ውስጥ ስሙን ጠርቶታል። የዶርስ ባንድ ዘፋኝ ጂም ሞሪሰን የራምቦን ግጥም ወደ እንግሊዝኛ ለተረጎመው ፕሮፌሰር በ1968 የምስጋና ደብዳቤ ጽፎለታል። አሜሪካዊቷ ሮክ ዘፋኝ ፓቲ ስሚዝ ደግሞ ከሁሉም ባሰባት። በወጣትነቷ መጽሐፉን ይዛ ነው ያደገችው። ሐረር ድረስ መጥታ የጠፉ ጽሑፎቹን የመፈለግ ሐሳብ ነበራት። በ1976 ያወጣችው አልበም ስሙ «ሬዲዮ ኢትዮጵያ» ነው። የአልበሙ መጨረሻ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ ጊታር ይጮኻል። አንዱ ክፍሉ «አቢሲኒያ» ይባላል።

የሚገርመኝ ነገር፣ ሮክ የወደደው የገጣሚውን ዝምታ ጭምር ነው። ሁሉን ትቶ የሄደ ሰው። የተወውን ትቶ የመጣበት ቦታ ደግሞ ጀጎል ነው።

ከኤጀርሳ ጎሮ

ከሐረር ብዙ ሳይርቅ ኤጀርሳ ጎሮ አለች። ተፈሪ መኮንን በ1892 የተወለዱት እዚያ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሆኑ በኋላ በጥቅምት 1963 የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ላይ ስለ ዘር መድልዎ ተናገሩ። ቦብ ማርሊ ያንን ንግግር በ1976 ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ዘፈን አደረገው። ሬጌ ሮክ አይደለም፤ ግን የማርሊ ሸክላዎች ለሮክ አድማጭ ታስበው ነበር የተሸጡት። በ1992 ሺኔድ ኦኮነር የተባለችው አየርላንዳዊት ዘፋኝ ያንኑ ንግግር አሜሪካ ቴሌቪዥን ላይ ያለ ምንም መሣሪያ ዘፈነችው።

ከዚያ በፊት፣ በ1984 መገባደጃ፣ የወሎና የትግራይ ረሃብ በቴሌቪዥን ታየ። አየርላንዳዊው ሮክ ዘፋኝ ቦብ ጌልዶፍ የእንግሊዝና የአየርላንድ ዘፋኞችን ሰብስቦ አንድ የገና ዘፈን አስቀረጸ። ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ላይቭ ኤይድ የተባለው ኮንሰርት ተካሄደ። ከመቶ በሚበልጡ አገሮች ታየ። የተሰበሰበው ገንዘብ ሕይወት አድኗል፣ ይህ መካድ የለበትም። ዘፈኑ ግን «ገና መሆኑን ያውቁ ይሆን?» ብሎ ይጠይቃል። ክርስትናን በ4ኛው ክፍለ ዘመን የተቀበለ አገር ገናን ያውቃል። ይህ ጥያቄ ብዙ ኢትዮጵያዊ ጆሮ ላይ እስከዛሬ ይቆጠቁጣል። እኔንም ይቆጠቁጠኛል።

አምስት ድምፅ

በአገራችን «ሮክ ነኝ» ብሎ በግልጽ የወጣው ጃኖ ባንድ ነው። «ኤርታሌ» የተባለውን የመጀመሪያ አልበማቸውን ያዘጋጀው አሜሪካዊው ቢል ላዝዌል ነው። ሻካራውን ጊታር ከኢትዮጵያ ቅኝት ጋር አጋጠሙት፤ ተጋጠመላቸውም።

የተጋጠመው በአጋጣሚ አይደለም። ጊታር የሚማር ልጅ የሮክ ሶሎ ልጫወት ሲል መጀመሪያ የሚሰጠው ከብሉዝ የመጣ ባለ አምስት ድምፅ ስኬል ነው። ያንን ስኬል የእኛ ሙዚቀኞች ባቲ ማይነር ይሉታል። ልጁ በሰርግ ቤት፣ በካሴት፣ በጎረቤት ሬዲዮ ሲሰማው ያደገው ድምፅ ነው። ጣቱ ክሩ ላይ ቦታ ቦታውን እስኪለምድ ትንሽ ጊዜ ይፈጅበታል። ጆሮው ግን ቀድሞ ደርሷል።