የዲስኩር ትንተና ምንድን ነው? በሥራ ቦታ ንግግር ላይ የሚነሣ አንድ ስሕተት

አንድ አስተያየት ሰጪ በባሕር ዳር በአንድ መሥሪያ ቤት ስለተደረገ ስብሰባ ሲጽፍ፣ ኃላፊው የባለሙያዋ ንግግር ሳያልቅ መናገር መጀመሩን ጠቅሶ «የዲስኩር ትንተና ይህን የሥልጣን ጫና ይለዋል» ብሏል። እንዲህ ያለው አባባል በመብዛቱ ዝም ማለት አልተቻለም፤ የዲስኩር ትንተና፣ ማለትም ሰዎች በንግግርና በጽሑፍ ቋንቋን እንዴት እንደሚጠቀሙበት የሚያጠናው ዘርፍ፣ የተለያዩ መንገዶች ስላሉት በዚህ ጉዳይ አንድ አፍ የለውምና።

ከመንገዶቹ አንዱ፣ ሳክስ፣ ሼግሎፍና ጄፈርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የተራ አወሳሰድን (ማን መቼ እንደሚናገር) ሥርዓት በ1974 እ.ኤ.አ. ያሳዩበት የምልልስ ትንተና፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሁለተኛው ድምፅ በትክክል የት ላይ እንደ ገባ ነው። ተራው ሊያልቅ በተቃረበበት ቦታ ከሆነ መደራረቡ የዘወትር ነገር ነው፤ መቋረጥ ለመባል ባለሙያዋ ራሷ እንደ መቋረጥ መቀበሏ፣ ለምሳሌ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ሐሳቧን እንደገና መጀመሯ፣ በድምፅ ቅጂው መታየት አለበት። የሰውየው ማዕረግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ሌላው የቋንቋ ተመራማሪ ገምፐርዝ ደግሞ የድምፅ አወራረድን የመሳሰሉ ምልክቶችን ይከታተላል፤ ቅጂውንም ለተናጋሪዎቹ መልሶ ያሰማል። ሥልጣንን ከመነሻው የሚያየው የፌርክላፍ ሂሳዊ ትንተና እንኳ ሦስት ደረጃዎችን ይለያል፦ ገለጻን (በንግግሩ ምን እንደ ታየ)፣ ትርጓሜን (ተሳታፊዎቹ እንዴት እንደ ተረዱት) እና ማብራሪያን (ከማኅበራዊ ሥልጣን ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ)፤ አስተያየት ሰጪያችን ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው ዘሏል።

በምሳሌ እንየው፤ በጣና ዳር የውኃውን ከፍታ የሚመዘግብ ሰው ሐይቁ በክረምት ምን ያህል እንደ ጨመረ ይነግረናል፤ ጭማሪው ከግልገል ዐባይ ይሁን ከጉማራ፣ ከርብ ይሁን ከመገጭ ግን ከመለኪያው አያነብም። ወንዞቹን የሚያጠናውም በሐይቁ ላይ በቀጥታ የሚዘንበውንና የሚተነውን ሳያሰላ ከፍታውን ልናገር ቢል ይሳሳታል። አስተያየት ሰጪያችንም አንድ መደራረብ ሰምቶ ምክንያቱ ሥልጣን ነው ሲል፣ መለኪያውን አንድ ጊዜ አይቶ ወንዝ ከሷል።

በአማርኛ ሌላም ጥንቃቄ አለ። አሉታውን፣ ባለቤቱንና አክብሮቱን የሚሸከመው ግስ በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚመጣ፣ ተራው የሚያልቅበትን ቦታ አድማጭ ቀድሞ የሚገምትበት መንገድ ከእንግሊዝኛው ጋር አንድ ነው ብሎ መነሣት አይገባም። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ የንግግሩ የጽሑፍ ግልባጭ ከድምፁ ጋር መነበብ አለበት፤ ቃለ ጉባኤማ ለዚህ ሥራ ጨርሶ መረጃ አይሆንም።

መንገዶቹን ማጣመር ይቻላል። ግን አስቀድሞ መቋረጡ በቅጂው ይረጋገጥ፤ ከዚያ በበርካታ ስብሰባዎች ማን በማን ንግግር ላይ እንደሚገባ ይታይ። ባለሙያዋም በኃላፊው ተራ ላይ በዚያው መጠን ስትገባ ከተገኘች፣ የጫናው ክስ ሌላ ማስረጃ ይፈልጋል።